የኋለኛው ፉርጎ መብራት

ናርቦን፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት፣ ነፋሱ መስኮቱን ሲያሰቃይ፣
ሙሴ ፊርማን ካዛልስ ይመጣል፤
ቆቡን በግራ ይዟል፤ ቀኙ እንደ ባዶ እጅጌ ይወዛወዛል።
አርባ ዓመት የጭነት ባቡር ፍሬን ያዥ ነበረ፤
በኅዳር አንድ ሌሊት ግን ምላሱ ላይ ፍሬኑ ተቀረቀረ።

እኔ የሊል ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ የታሰረ አንደበት ማላወስ፤
መድኃኒቴም ግሥ ነው፣ ቀለም በቀለም ቆራርሶ ማጉረስ።
«በጣትዎ ጠረጴዛውን ይምቱ፣ ለአንድ ቀለም አንድ ምት፤
ከባዱን ለመጨረሻው ያቆዩት።
ፓር፣ ሎን፤ እንናገራለን። ሁለት ነው፣ ኋለኛው ይበርታ።
ፓር፣ ለ፣ ሬ፤ ነገ እናገራለሁ። ጣትዎ ሦስተኛዋን ጠበቅ አድርጎ ይምታ።»
ግሡ በረዘመ ቁጥር ሸክሙ ሥሩን ትቶ ወደ ጭራ ይሸሻል፤
ፈረንሳይኛ እንዲህ ነው፤ ዕዳውን ሁሉ ለመጨረሻው ልጅ ያወርሳል።

ደህና ሄድን። ከዚያ «ኢል ፓርል» አልኩ፣ እሱ ይናገራል፤ አንድ ቀለም።
ሙሴ ፊርማን አንድ መታ፤ ቀጥሎም ሌላ፣ ላላ ያለ፣ እንደ እግር ኮቴ በሕልም።
«አንድ ነው» አልኩ። ሁለት መታ። «አንድ!» ሁለት።
ወረቀቴ ላይ በቀይ አሰመርኩ፤ በሦስት ሳምንት አሥራ አንድ ስሕተት።

ሚስቱ ጊስሌን በሩ ሥር ሹራብ ትሠራለች፤
ከመርፌዋ ቀና ሳትል፣ «አንቺ ልጅ፣ ከሰሜን ነሽ» አለች።
«እዚያ ብርዱ ነው መሰል፣ ቃል ጭራዋን በር ላይ ቆርጣ ትገባለች።
እዚህ ፓር፣ ለ ነው የምንለው። ያቺ ዲዳ የምትሏት ፊደል እኛ ቤት ድምፅ አላት፤
አትጠብቅም፣ ትላላለች፤ ግን ማዕዱን አንነፍጋት።
ሰባ ዓመት ሁለት ሲል የኖረ ሰው፣ ሕመሙ የወሰደበት አንሶ
የቀረችውን ቅንጣት አንቺ ልትነጥቂው ደርሶ?»

ቀይ እስክሪብቶ በላጲስ አይለቅ፤ ስፈትገው ወረቀቱ ተቀደደ።
በዚያው ቅጽበት ከመስኮቱ ሥር የጭነት ባቡር ነጎደ፤
ሙሴ ፊርማን፣ ፉርጎ ባለፈ ቁጥር፣ ጠረጴዛውን ነካ፣ ነካ፣ ነካ፤
ቀይ መብራት ያንጠለጠለው ኋለኛው ሲመጣ፣ በጡጫ አንኳኳ።
አልቆመም።
ሐዲዱ ውስጥ የምትቀረውን ንዝረት አዳምጦ አንድ አፍታ፣
በአንዲት ጣት፣ ላላ አርጎ፣ መታ።

አፉም ተከፈተ፤ «ኢል... ራን፣ ትረ።»
ወደ ቤቱ ይመለሳል። አልቆጠርኩም። የጊስሌን መርፌ ክሩ መሀል ቀረ።

ማታ ለእናቴ ስደውል «ኢል ፓር፣ ለ» ብዬ ሞከርኳት፤
«ማን ላይ ነው የምታሾፊው?» ብላ ሳቀች። ምን ልበላት?
ሾርባ ጥጃለሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት።