የደብሪቱ ጉርሻ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከፒያሳ ወረድ ብላ ካለች ፋርማሲ ቆሜ፣
ሲስተር ፀዳለ ጣቴን ብትወጋው፣ ተቆጠረ ደሜ።
«ሁለት መቶ ስልሳ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤
እንደ ቤት ኪራይ ነው፣ ሳላየው የናረ ዋጋ።
«ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ ነው!» ብላት፣ «በምን?» ብላ ጠየቀች፤
«በፓስታ፣ በዳቦ፣ በማርማላታ…» ሳልጨርስ ሳቀች።
ከዚያ ምክሯን ዘረዘረችው እንደ ነገረ ፈጅ፦
«ጮማውን ይተዉት፣ ቅቤውን ይቀንሱ፣ አይንኩብኝ ጠጅ፤
አስቀድመው ቅጠላ ቅጠል፣ እንጀራውም በስሱ፤
ከበሉ በኋላ እስከ አራት ኪሎ በእግር ደርሰው ይመለሱ።»

ምክሩ መልካም ነበር፤ የምኖረው ግን እሪ በከንቱ፣
በር ለበር ነው ቤቴ ከወይዘሮ ደብሪቱ።
ከእሷ ቤት በዓል የዋለ ቀበቶ ፈትቶ ነው የሚወጣ፤
«ጠገብኩ» ማለት እዚያ ቤት ሌላ ጭልፋ ነው የሚያመጣ።
«አፈር ስሆን» ካለች አበቃ፤ ሐኪም ቢቆም መሐል፣
እሱንም ታጎርሰዋለች፣ ማዘዣው ወጥ ነክቶት ይውላል።

ልወጣ ስል፣ ነጠላዋን እስከ አፍንጫ የሸፈነች፣
አንዲት ሴት ገብታ «የባለፈውን፣ ያንን የግፊቱን» አለች።
ደብሪቱ! አንድ ዶሮ ታቅፋ፣ ሌላው ተንጠልጥሎ በክንዷ፤
ከሽንኩርቱ ዘንቢል ሥር ሊገባ ነው፣ የስንት ዓመት ጉዷ።
አየኋት፤ አየችኝ፤ ጣቴ ላይ ገና ጥጥ ነበር።
ስለ ሽንኩርት ዋጋ ጀመርን መነጋገር።
«ዘንድሮስ እሳት ነው!» «ኧረ ተይኝ!» ተባብለን ተለያየን፣
በደንብ ስለተያየን፣ እንዳልተያየን ሆነን።

በማግስቱ፣ የጊዮርጊስ ደወል ጸጥ ካለ በኋላ፣
ዘጠኝ ሰው ሆነን ደብሪቱ ቤት ገባን፣ የዓመቱን ልንበላ።
ኪሩቤል፣ ያ ስፖርተኛው፣ «ፕሮቲን ነው» እያለ፣
የእናቱንም የእህቱንም እንቁላል ዋጠ፣ ለስላሳ አስከተለ።
እኔ እንጀራ በእንጀራ እያጠፍኩ፣ አስመስላለሁ መብላት፤
ሰዓት ሠሪ ነኝ፤ ጥቃቅን ነገር መሰወር የእጄ ብልሃት።
ግን ገበታ እንደ ኪስ ሰዓት አይደል፣ ክዳን የለው ለገመና፤
«ምነው አትበላም? ጠላኸን?» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት፣ ከቅልጥማቸው ቀና አሉና።
ስምንት ጥንድ ዓይን ዞረብኝ። «ስኳር አለብኝ» ልበል በግልጥ?
ቄጤማው ሳይጠወልግ፣ የላቦራቶሪ ወረቀት መግለጥ?

ያኔ ደብሪቱ ተነሣች። ታጠበች። ጠቀለለች አንድ ጉርሻ፣
ቡጢ የምታክል። «አፈር ስሆን!» አለች፣ «ይቺ የመጨረሻ!»
አፌን ከፈትኩ እንደ ጥፋተኛ።
ዓይኔን ጨፈንኩ።
ነከስኩ።

ሥጋ አልነበረም።

ላዩ ቀይ፣ ውስጡ ጎመን፤ ትንሽ አይብ፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፤
ጨው እንኳ የለው። ጨውማ የእሷም ጠላት ናት።
«አንድ ያጣላል፣ ሁለት ያጣምራል!» ብላ ጮኸች፣ «ድገም!»
ሁለተኛውም ጎመን፤ በጾሙ ሁሉ እንዲህ ያለ አልቀመስኩም።
ሦስተኛውን ይዛ ወደ ጆሮዬ ዝቅ አለችና፣
«ያው እንግዲህ፣ ጎመን…» ብላ፣ ሳትጨርሰው ሄደች ቀና።

እኔም በተራዬ ጠቀለልኩላት፣ በትልቁ፣ ሁሉም እያየ፤
ውስጡ ባዶ አይብ ነው፤ ሥጋው ከመንገድ የተለየ።
«ይኸው ፍቅር!» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት፣ ቅልጥሙን እንደ ዋንጫ አንስተው፤
ትራሳቸው ሥር የሪህ ክኒን ይኑር አይኑር፣ ማን ሊጠይቃቸው?

አመሻሽ ላይ «ነፋስ ልቀበል» ብዬ ወጣሁ፤ እሷም «ዘመድ ልጠይቅ» ብላ፣
ከኋላዬ መጣች፣ ባዶ ዘንቢል አንጠልጥላ።
ጎን ለጎን ወጣን ዳገቱን፤ ስለ ጤና አልተነሣም አንድ ቃል።
«ሽንኩርቱ ለጰራቅሊጦስ ይረክስ ይሆን?»
«እንጃ… ብንኖር ያሳየናል።»