ሦስት ሜትር ከሃያ

ማተሚያ ቤቴ ኢድሪያ ነው፥ ከወንዙ ዳር፣ ከድልድዩ ሥር፤
የሠርግ ጥሪ፣ የሙት ዓመት፣ የመመረቂያ፣ የፍርድ ቤት ምስክር፥
ሁሉንም በአንድ ቀለም፣ በአንድ ዋጋ ነው የማትም፤
አልጠይቅም፣ አላነብም።
አባቶች ባዜቃ ቆፍረው፥ እናቶች ዳንቴል ሠርተው፥
ዓይናቸውን የጨረሱባት ከተማ፥ ሁለቱም ጎንበስ ብለው።

ሚሎይካ የመጣች ’ለት ግን
ከካፖርቷ ኪስ አወጣች አንድ ቁራጭ ወረቀት፤
በእርሳስ የተጻፈ አድራሻ፥ ሦስት ደብሊው ያለበት።
«የእህቴ ገጽ ነው» አለች፥ «የታናሼ፣ የስላቪትሳ፤
ወሩ ሲያልቅ ይዘጋል አሉኝ፤ ኪራዩ እንደሆን ተረሳ።
ሳይዘጋ አትምልኝ።»
ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ቆማ ጠበቀች፥ ወንበር እያለ።
ገጹ ተከፈተ፥ ቀስ እያለ።

የዳንቴል ንድፍ ነው ሁሉም፤ ነጭ ክር በሰማያዊ ላይ፤
ብወርድ ብወርድ ወለል የለው፥ ብወጣ የለውም ሰማይ።
ከሥሩ የጎብኚ ቁጥር፥ ሰባት ሺህ አራት መቶ ስምንት፤
እኔ ስገባ ዘጠኝ አለ፤ በር የከፈተልኝ ይመስል ባዶ ቤት።
ከጥጉ ላይ ሁለት እጆች
ማጠንጠኛ ያሻግራሉ፥ ግራ በቀኝ፣ ቀኝ በግራ፤
ሳያርፉ ሃያ ዓመት፥ ስድስቱን እሷ ተቀብራ።

ፒዲኤፍ ማድረግ ቀላል ነው፤ ልጅም ያውቀዋል፤ አንድ ቁልፍ፤
ተጫንኩት፤ ወጣልን፥ አርባ ገጽ ሙሉ ጉድፍ።
የኩባንያው የኩኪ ሳጥን፥ «ይስማማሉ ወይ?» የሚለን፥
በየገጹ ተገትሮ አርባ ጊዜ ጠየቀን።
ሚሎይካ ለእያንዳንዱ «አዎ» አለችው፥ በትሕትና፤
አርባኛው ላይ «ይሄ ሰውዬ አይሰማም?» አለች፥ ብላ ቀና።
ቆብ የደፉት የስሎቬንኛ ፊደሎች፥ ቼ፣ ሼ፣ ዤ፥ ቆባቸውን ጣሉ፤
የቀሩትም ግራ ገብቷቸው፥ ጥያቄ ምልክት መሰሉ።
የቀኝ ህዳግ የንድፉን ጫፍ ሁለት ጣት ያህል በላ፤
ሰማያዊው መደብ ነጣ፤ ነጩን ክር ማን ያየው ኋላ?

እጆቹስ?
እጆቹ ቆሙ።
ግራው ቀኙን ሊሻገር ሲል፥ ክሩን እንደያዙ ከረሙ።
ፈራሁ፤ ቀና ብዬ አላየኋትም።
«ገና ናት» አለች ለራሷ፤ «ገና አላሰረችም።»

በዚያ ሌሊት ኮዱን ገለጥኩ፤ የጥንት ኤችቲኤምኤል፥
ሰንጠረዥ በሰንጠረዥ ውስጥ፥ ቋጠሮ በቋጠሮ ሲቀጠል።
መሐሉ ላይ፥ ገጹ ለአንባቢ በማያሳየው መስመር፥
«ይህን አትንኪው፤ ይተረተራል» ትላለች፥ ራሷን ስትመክር።
አልነካሁትም።
ሳጥኑን ነቀልኩ፤ መደቡን መለስኩ፤ ፊደሉን ቆብ አስደፋሁ፤
ጠዋት ስትመጣ «ይኸውልዎት» አልኳት፤ ትንሽም ኰራሁ።

አሥራ አንደኛውን አነሣች፤ ከአሥራ ሁለተኛው አጠገብ አኖረች፤
አበባው ወገቡ ላይ ተቆርጧል። ዝም አለች።
«ይህን ማን ቆረጠው?»
«ወረቀቱ ነዋ። ገጽ ሲያልቅ ይቆርጣል።»
«እህቴ መቀስ አትወድም ነበር።»

«ኤ-አራት» የሚለውን ምርጫ ያኔ ትቼ ሰረዝኩት፤
የወረቀቱን ልክ ራሴ፥ በገዛ እጄ ሞላሁት፦
ወርዱ ሃያ አንድ ሴንቲ፤ ቁመቱ ሦስት ሜትር ከሃያ።
ማሽኑ «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ፤ አንድ ገጽ፥ ያለ መለያያ።
ጥቅሉ ሲወጣ ወለሉን አቋርጦ እስከ በሩ ደረሰ፤
የዳቦ ቤቱ ድመት መጥቶ፥ ዳሰሰውና ተመለሰ።

ከግርጌው ላይ ሰማያዊ፣ የተሰመረበት፦ «ቀጣዩ ንድፍ»።
«ይሄ ወዴት ነው የሚያስኬድ?»
ሌሊት ሞክሬዋለሁ፤ የትም። ገጹን ሳትሠራው ነው ያረፈች።
ልነግራት ስል፥ ጣቷን ወረቀቱ ላይ ጫነች፤
ጠበቀች።

ከዚያ ከዘንቢሏ ትራስ አወጣች፥ እንደ በርሜል ክብ፥
ዳንቴል የሚሠራበት፤ ወረቀቱን አስጀመረችው መክበብ።
አምስት ጊዜ ዞረው፤ ጫፉ፥ «ቀጣዩ ንድፍ» የሚለው፥
ከመጀመሪያው አበባ ላይ ዐረፈ፤ በአንድ እስፒል ወጋችው።

«ሒሳብ?» አለች። የሦስት ሜትር ገጽ ዋጋ የለኝም ከዝርዝሬ፤
የአንድ የሠርግ ጥሪ ሒሳብ ተቀበልኳት፥ አፍሬ።

ወሩ አለቀ። አድራሻውን ስጽፍ «ገጹ አልተገኘም» አለኝ።
ፋይሉ ግን እኔ ጋ አለ፤ በእንቅልፍ ልብ ያወጣሁለትን ስም መለወጥ አቃተኝ፦
«ስላቪትሳ፥ የመጨረሻ፥ ሁለት»።