ሽርጡ

መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ፣ ካፌው የፈረሰ ዕለት፣
ማሽኑን በገመድ ጠፍረው አይሱዙ ላይ ሲጭኑት፣
ደቻሳ ከፖስታ ቤት በእግሩ መጣ፣ ቀትር ላይ፣
አቧራ ለብሶ፣ ላብ ለብሶ፣ በአዳማ ፀሐይ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያን ብረት ተደግፎ
ይዞ የወጣው ሽርጡን ነው፣ በአራት አጣጥፎ።

በመጀመሪያው ሳምንት «ቡና በቃኝ» አለ።
ቀኝ እጁ ግን ጠዋት ጠዋት፣ ልማድ አልለቅ ብሎት፣
አየር ላይ እጄታ ይስባል፣ እጄታ በሌለበት።
የጎረቤት ማንቆርቆሪያ ሲያፏጭ ይባንናል፤
«ሁለት ማኪያቶ፣ አንድ ጥቁር» በእንቅልፍ ልቡ ይላል።

እኔ የወንጂ ልጅ ነኝ፤ ያሳደገኝ ስኳር፤
ቡና ሲሉኝ የማውቀው ጣፋጭ መሆኑን ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ግን ጥሬ ገዝቶ ገባ።
ትሪ ላይ ዘርግቶት፣ እንደ ሰዓት ጠጋኝ ጎብጦ፣
ነቀዝ የነካውን ጣለ፣ ሰባራውን መርጦ።
መጥበሻው ላይ ሲንጣጣ ጆሮውን አቀና፤
«ይበቃል፤ ከዚህ ካለፈ ከሰል እንጂ አይሆንም ቡና።
እስከ ነገ ይረፍ» አለ። ሣቅሁ፤ «ቡና ያርፋል?»
«እኔስ ዘጠኝ ቀን አረፍሁ አይደል?» ይላል።

ማጥለያ የለንም። የሻይ ወንፊቷ፣ በሰፊ ቀዳዳ፣
አተላውን ታሳልፋለች፣ «ግባ» እንደሚሉት እንግዳ።
ዝም ብሎ ቆየ። ቆይቶ፣ ሽርጡን ከሳጥን አወጣ።
መቀሱን ይዤ ስዘገይ «አምጪው» አለ፣ ሳይቆጣ።
ከደረት ኪሱ በታች፣ ቡና ካልነካው ቦታ፣
ቆረጠ፤ እንደ ልጅ ካልሲ ሰፋው እስከ ማታ።
የኮት መስቀያ ሽቦ አፏ ላይ ጠምዝዞ አሠረ፤
በፈላ ውኃ ሦስቴ አጥቦ የሳሙናውን ሽታ አባረረ።

በማግስቱ መብራት የለም። ነፋሱ ቆርቆሮ ይደበድባል።
ወቀጠ። በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ
«ከዱቄት ሻከር፣ ከአሸዋ ለዘብ» አለ፣ ለራሱ።
ከሰሉ ላይ ድስቷ ተንተከተከች።
«አዳማ ውኃ ሲፈላ መቶ አይደርስም» አለኝ፤
«እንዳወረድሽ አፍስሺ፣ ልኩ ያ ነው» አስረዳኝ።

መጀመሪያ ጥቂት ብቻ። ቡናው አበጠ፣ ተነፈሰ።
«ይተንፍስ፤ አትቸኩዪ።»
ከዚያ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ዙሪያውን፣ ቀስ ብሎ ፈሰሰ።
የሚጮኽ እንፋሎት የለም።
ጠብ፣
ጠብ፣
ከታች በሻይ ብርጭቆው ውስጥ።

«ማሽኑ ግድግዳውን ተጠግቶ ነበር» አለ ድንገት፣
«ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ ነው የቀዳሁት።
ሲጠጡ አይቼ አላውቅም።»
ዱካውን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

ወደ ስኳሩ የዘረጋሁትን እጄን በእጁ ያዘ፤
«አንዴ ብቻ» አለ፣ እየለመነ እንጂ መች አዘዘ።

ጠጣሁ። ምላሴ መራራውን ጠበቀ።
መራራው መጣ፣ ቆመ፣ እንደ ዓይን አፋር ራቀ፤
ከኋላው፣ ስሙን ያጣሁለት አንድ ነገር ቀረ፦
ገና ልጅ ሆኜ፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣
ከባቡሩ የወደቀ የሸንኮራ አገዳ
በጥርሴ ስልጠው የነበረው።

«እህስ?» አለ። ዓይኑ ከንፈሬ ላይ ነው።
ላስጠብቀው አማረኝ፣ እንደ ደንበኛ፣ ትንሽ።
«ሒሳብ ስንት ነው?» አልኩት።
እጁ ወደ ደረቱ ሄደ፣ መልስ ፍለጋ፣ ወደ ኪሱ፤
ኪሱ ግን ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ከተራፊው ሽርጥ ጋር።
ሁለታችንም አየነው።
ከዚያ ድስቷን አነሣና
ሁለተኛውን ለራሱ ቀዳ።