የቆመ እጅ

ሐዋሳ፣ አቶቴ ነው ሱቄ፣ ከባጃጆቹ ተራ፤
ያበጠ ባትሪ፣ የነቃ መስታወት ስፈታ ስሠራ
ቀኑን የምሰማው አንድ ስሞታ ነው፦
«ድምፁ ይቆራረጣል»፣ «ደውዬ አልሰማው»፣
«ሃሎ፣ ሃሎ፣ ሃሎ፣ አለህ ወይስ የለህም?»
ጆሮው ያልተራበ ደጄን አይረግጥም።

ሐሙስ ማታ ግን፣ የፓርኩ ሰርቪስ ሲያራግፍ ሠራተኛ፣
ፀጉሯ ላይ ክር የቀረባት ልብስ ሰፊ ብቅ አለች ወደ እኛ።
«ምን ሆነ? ድምፁ ነው?» ብዬ ስጠይቃት
ከንፈሬን አየችው፤ ሳቅ ብልጭ አለባት፤
በደረሰኝ ጀርባ «ዱርሲቴ» ብላ ስሟን አሰፈረች፣
ከሥሩም ቀጥላ ይህችን ጨመረች፦

«ድምፁ ግድ የለኝም።
ጣቱ ነው የሚቆረጥብኝ።»

እጮኛዋ ካያሞ አለታ ወንዶ ላይ በርና መስኮት ይሠራል፤
እንደ እሷው በእጁ ያስባል፣ በእጁ ይከራከራል።
ሰኞ ማታ ሲያወሩ፣ ነገር ሲጠናባቸው፣
እጁ ከደረቱ ተነሣ፤ ጣቶቹ ሊዘረጉም ሊታጠፉም ሲሉ ምስሉ ቀጥ አለባቸው።
«እንደገና በመገናኘት ላይ» ይላል፤ ክቧ ትዞራለች፤
እሷም ያንን የቆመ እጅ በፎቶ ቀድታ ሦስት ቀን ይዛው ዞረች።
ከተዘረጋ፣ በሁለቱ ቋንቋ፣ «ጠብቂኝ» ማለት ነው፤
ከታጠፈ ደግሞ «ይቅርብን»። መሃል ላይ የቀረን እጅ ማን ይተርጉመው?

ልበ ሙሉ ነበርኩ፤ ከፈትኩ ዘጋሁ የበረራውን ሁነታ፤
ዋይፋዩን «እርሳ» አልኩት፣ ረሳ፤ መልሼ አስተዋወቅኩት በእርጋታ።
ሲሙን በሸሚዜ ጫፍ ወልውዬ መለስኩ፣
ሰዓትና ቀኑን አየሁ፣ የተጠራቀመ ካሽ ጠረግኩ፤
ተደብቆ የሚሠራ ቪፒኤን ነበር፣ እሱንም ዘጋሁት፤
ፍጥነቱን ለካሁ፦ ቀጭን ነው፣ ግን አለ፤ ካፊያ ብዬ ናቅሁት።
እንደ ሁልጊዜው ልሞክር፣ «ሃሎ» ልል አፌን ከፍቼ
አፈርኩ።

ያኔ ነው ያየሁት፣ ከምስሉ ግርጌ፣ ስንቴ አንብቤ ያለፍኩት ቀጭን ፊደል፦
«ግንኙነቱ ደካማ ነው። ምስሉ ቆሟል። ድምፁ ይቀጥላል።»

ድምፁ ይቀጥላል!
አሳቢ መሆኑ ነው፤ ሐይቁ ሲናወጥ ጀልባው እንዳይሰጥም
ጭነት ይጥላል፤ የቱን ልጣል ብሎ ባለቤቱን ግን አይጠይቅም።
ድምፅ ነፍስ ነው፣ ምስል ጓዝ ነው ብሎ ማን ነገረው?
ቋንቋቸውን ውሃ ውስጥ ጥሎ፣ ተጠንቅቆ የሚያሻግረው
የእሱን ሰፈር መጋዝ፣ የእሷን ጎረቤት ቴሌቪዥን፣
ከሁለቱ አንዳቸውም የማይሰሙትን።

ለካያሞ ጻፍኩለት፦ «ማይክህን ዝጋ። ባዶ ግድግዳ ፈልግ። እጅህን ቀስ።»
በእኛም በኩል ዘጋሁ፤ ጥራቱን አወረድኩ፤ ፊት ይደብዝዝ፣ ጣት ይፍሰስ።
ከኋላዋ የተሰቀለውን ባለ አበባ መጋረጃ ነቀልኩ፤
አበባ ዳታ ይበላል። መብራቱን ወደ እጇ አዞርኩ።

ደወልን።
ቴምብር የሚያህል፣ ጭቃ የመሰለ ሰው መጣ፤ ግን ይንቀሳቀሳል።
በ«ሃሎ» ፈንታ እጄን አነሣሁ፤
አለታ ወንዶ ላይ እጅ ተነሣ።

ዱርሲቴ የሰኞውን እጅ በራሷ ደረት ላይ ሠራችው፤
እዚያው መሃል ላይ አቆመችው።
ጨርሰው ማለቷ ነው።

እኔም ዞርኩ።
የሌላ ሰው ስልክ በጆሮ ይሰረቃል፤ የእነሱ ግን በዓይን፤
ፊቴን ወደ ቻርጀሮቹ መልሼ ቆጠርኩ ዋጋቸውን።
ከጀርባዬ አምባሯ ሲጋጭ ሰማሁ፣ አንዴ፤
ቆየት ብሎ ሦስቴ፣ በጥድፊያ።
ከዚያ አፍንጫዋን ሳበች፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ በጀርባ አይለይም፤
አልጠየቅኩም።

ሃምሳ ብር አስቀምጣ ወጣች።
መጋረጃውን መልሼ አልሰቀልኩም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ አባወራ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ ወርወር አደረገና
«ድምፁ ይቆራረጣል!» አለ።
«ምስሉስ?» አልኩት።
«ምስሉ ምን ያደርግልኛል?»