የጉልበት ዋጋ

ስሟን ስጽፍ ዘወትር አንድ ድምፅ ይጎድላል፤
ምላሷ ከላንቃዋ ሲላቀቅ ጠቅ ይላል፣
ለዚያች ጠቅታ ሆሄ ፊደሌ መች ያውቃል?
«ኹዋና» ብያት ልለፍ። እሷም ስሜን ትታ
«ሚዛን ያዡ» ነው የምትለኝ፣ ጠዋትም ማታ።

ካላሃሪ። አሸዋው እንደ ሸክላ ቀልቶ፣
ዝናቡ ከሄደ አንድ ወር ሞልቶ፣
ሐረጉ ደረቱን ከምድር አስጠግቶ፣
ሐምራዊ አበባውን አራግፎ ጥሎ፣
ፍሬውን አድርቆ፣ መንጠቆውን ስሎ
የአላፊን ሰኮና ይጠብቃል አድፍጦ።
«የሰይጣን ጥፍር» አለው ከብቱ ያነከሰበት፤
ሥሩን ቀምሶት ቢሆን ሌላ ስም ባወጣለት።

ኹዋና ትንበረከካለች።
ከግንዱ ክንድ ያህል ፈቀቅ ብላ ትጭራለች።
እናት ሥሩን አትነካም፤ ዳር ዳሩን ቆፍራ
ልጆቹን ነው የምታወጣው፣ ያውም ቆጥራ፣
ጥቂት አስቀርታ።
ጉድጓዱን ትደፍናለች አፈሩን መልሳ፣
መታ መታ ታደርገዋለች፣ እንደ ሕፃን ጀርባ ደባብሳ፤
ከዚያ ሦስት ዝናብ እስኪያልፍ ዞር ብላ አታየውም።

ደንቡ በወረቀት የመጣው ኋላ ነው።
እናቷ በጣቷ ያሳየቻትን ነገር
ማኅተም አስመትተው፣ በቁጥር ከፋፍለው
«በዚህ ተስማምተሻል?» ብለው አስፈረሟት።
በአውራ ጣቷ ፈረመች። ሣቋ ግን አመለጣት።

ሥሩ ተከትፎ መረብ ላይ ይሰጣል።
ከዐሥር ኪሎ እርጥብ አንድ ኪሎ ቢወጣ ነው፤
ዘጠኙን ፀሐይ ትወስዳለች፣ ፀሐይን ማን ይከሳል?
ከአንዱ ላይ የሚቀንሰው ግን ሰው ነው።
ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ በቮልማር ነጭ ፒካፕ እመጣለሁ፣
ሚዛኑን ከግራር ቅርንጫፍ እሰቅላለሁ፤
መርፌው ከዜሮ በታች ሁለት ጭረት ወርዶ እንደሚነሣ
አውቃለሁ። አፌን የያዘው ደመወዜ ነው።

አንድ ቅዳሜ ኹዋና ከጆንያዋ በፊት
አንድ እሽግ ስኳር አመጣች፣ ማሸጊያው ያልተነካ፣
አምስት ኪሎ የተጻፈበት። «አስቀድመህ ይህን ለካ።»
ሰቀልኩት። መርፌው አራት ተኩል ላይ ቆመ።
ማንም አልተናገረም።
የእህቷ ልጅ ፃምካዎ ብቻ ከዛፉ ጀርባ አስነጠሰ፤
ወይም ሣቀ።
ቮልማር ፊቱ ቀልቶ ከኪሱ ክኒን አውጥቶ ዋጠ።
ጉልበቱን ያመዋል።
ካርቶኑ ላይ ሐምራዊ አበባ ተስሏል።
ኹዋና አበባውን አወቀችው፤ ጣቷን አሳረፈችበት፤
«ስንት ነው?» አለች። ነገራት።
ከጆንያዋ ዋጋ ጋር በልቧ አስተያየችው፣
ከዚያ ከመሬት ተነሣች፣ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ።

በእኔ ቋንቋ ጉልበት ሁለት ነው፦
አንዱ ይታጠፋል፣ አንዱ ይሸጣል፤
የሷ ጉልበት አልቆ የሩቅ ሰው ጉልበት ይድናል።

ከመንደሩ ወጣ ሲሉ አንድ ያልተደፈነ ጉድጓድ አለ፤
በድርቁ ዓመት ፃምካዎ ቸኩሎ፣ ርቦት፣
እናቲቱን ከነልጆቿ የነቀለበት።
ያን ቀን ጆንያው ከበደ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቦታ
ዝናብ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ አንዲት ቅጠል አትታይም።
ኹዋና አልገሠጸችውም፤ ራብን ማን ይገሥጻል?
አሁን ደብተር ይዞ ሐረጉን የሚቆጥር እሱ ነው፤
ያንን ጉድጓድም ይቆጥረዋል። ዜሮ ብሎ ይጽፋል።

ዘንድሮ ሴቶቹ የቆርቆሮ መጋዘን አቁመዋል፤
ጆንያቸውን አጠራቅመው ዋጋ ራሳቸው ይጠራሉ
ከቮልማር በላይ ላለው ገዢ፣ አንዳንዴም ለራሱ ለቮልማር።
ሁሉም አልሠመረም። አምና ገዢ ጠፍቶ ግማሹ ሻገተ።
ሚዛን ያዥ ሲፈልጉ እኔን ጠሩኝ፤
ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።
መርፌ የት ጋ እንደሚዋሽ የሚያውቅ ሰው ፈልገው ይሆናል።

ጠዋት ጠዋት፣ ሥራ ሳይጀመር፣
ያንኑ እሽግ ስኳር ታመጣለች። እሰቅለዋለሁ።
አምስት።
«እሺ» ትላለች፣ እሽጓን ታቅፋ ትቀመጣለች፣
ሻይዋን አፍልታ አጠገቤ ትጠጣለች፤
መራራውን። ስኳሩን እስከ ዛሬ አልፈታችውም።