ሦስት ቀን ሩዝ ውስጥ

ከጊዮርጊስ ጀርባ፣ ባጃጅ ከሚዞርበት፣
ሁለት ሰው የማትይዝ ቆርቆሮ ቤት አለችኝ፤ ስልክ የምጠግንበት።
በመስታወቱ ስንጥቅ፣ በባትሪው እብጠት፣ በቻርጀሩ ቀዳዳ፣
ሳልጠራው ይመጣል፣ የሰው ሁሉ ጓዳ።

ከሰላምታ በፊት የሚጠይቁኝ አንድ ነው፦
«ፎቶው ይተርፋል?» ማንም ለቀፎው አይደለም የሚያዝነው።
አንዱ የልጁን ክርስትና፣ አንዷ የሠርጓን ጭፈራ፣
አንዱ ደግሞ ጀንበር ጣና ላይ ስትጠልቅ፣
ጀርባውን ለእሷ ሰጥቶ፣ የራሱን ጥርስ ሲያበራ።

እኔ የማየው ሌላ ነው። ስልኩን ስከፍት ለሙከራ፣
ተጽፎ ያልተላከ ነገር ይወጣል፣ ሳልፈልገው፣ በየተራ።
«እማዬ ይቅርታ፣ እኔ እኮ» ብሎ የቆመ አንድ መስመር፤
ከሁዳዴ እስከ ሁዳዴ እዚያው፣ አራት ነጥብ ሳያገኝ የሚያድር።
አላነብም እላለሁ። አነባለሁ።

ይታይሽ የመጣች ቀን፣ እስከ ጉልበቷ ርሳ ነበር፤
ስልኳ ወደቡ ጋ ገባ፣ ከጀልባ ስትወርድ፣ ራሷን ልታነሣ ስትዞር።
«በቃ፣ ሞተ?» አለችኝ። «አይሞትም» አልኳት፤ ፈትቼ ጠራርጌ፣
አንድ ኪሎ የፎገራ ሩዝ ውስጥ ቀበርኩት፣ እንደ ዘር ሸሽጌ።

በማግስቱ መጣች። በርጩማ ሰጠኋት። እጇ ሥራ ፈትቶ፣
ቦርሳዋን ሲዳስስ፣ ጉልበቷን ሲመታ፣ የለመደውን አጥቶ፣
ቆይቶ ደከመው፤ ጭኗ ላይ ተኛ እንደ ድመት።
ያኔ ዓይኗ ተነሣ። «ይሄ ዘንባባ መቼ በቀለ?» አለች፣ ተወልዳ ባደገችበት።
«ያቺ ሴትዮ ዓሣ ስትመዝን ታንጎራጉራለች እንዴ ሁልጊዜ?»
ስሟን ያወጣላት ሰው፣ ይህን ሳይሆን አይቀርም የተመኘው ያን ጊዜ።

በሁለተኛው ቀን መብራት ጠፋ፤ ኔትወርኩም አብሮት ሲሄድ፣
መንደሩ ደጅ ወጣ፣ ዓይኑን እያሸ፣ ከሩቅ እንደ መጣ ዘመድ።
ፀጉር አስተካካዩ ስንሻው የጎረቤቱን ስም ጠየቀው፤
ስድስት ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተው!
መልሱን ሳይሰማ «መጣ! መጣ!» አሉ ልጆች፣
ሁሉም ወደየቤቱ፤ ደጁ ላይ እኔና እሷ፣ ሁለት በርጩማዎች።

እዚያ ላይ ነው ስለ አባቷ የጀመረችው፣ ስለ ዋሴ፣
ከዘጌ እንጨት በታንኳ ስላመላለሰው። እኔም ለካ ጆሮ ነበረኝ፣ ለራሴ!
«አንድ ሌሊት ከደቅ በኩል ነፋስ ተነሣ» ብላ፣ «ነገ እጨርስልሃለሁ» አለች።

በሦስተኛው ቀን፣ እኔ ስልኩን ከሩዙ አውጥቼ ስከፍት፣
«ደንገሉ ውሃ ጠጣ፤ ታንኳው ከበደ፤ አንድ ነገር መጣል ነበረበት።
እንጨቱ የራሱ ነው፤ የእኔ ደብተር፣ የእኔ ጫማ።
ሳጥኑ ግን የሰው አደራ ነው፣ የተላከ ለከተማ።
ከዚያ አባቴ ምን አደረገ መሰለህ፦»

ጮኸ።

ስልሳ አንድ መልእክት በአንድ ትንፋሽ። ከዚያ ደወል።
«አቤት! መጣሁ፣ መጣሁ!» ሂሳቡን ጣል አድርጋ፣ ባጃጅ አስቁማ፣
እንጨቱም ሳጥኑም መሃል ጣና ላይ፣ ከእኔ ጋር ቀሩ።
በርጩማው ገና ሙቅ ነበር።

እውነቱን ልናገር፤ ዛሬም መብራት ጠፍቷል፣ የሚያየኝ የለም፦
ያ ስልክ የመጀመሪያው ሌሊት ሠርቷል፤ ምንም አልሆነም።
መልሼ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። «ገና እርጥብ ነው» ያልኩትም እኔ።
ዘጠኝ ዓመት መነጋገሪያ ስጠግን፣ ተቀምጦ ያወራኝ ሰው አልነበረም ከጎኔ።
አደራ ነበር። አልበላሁም። አዘገየሁ እንጂ ሦስት ቀን፤
ለዚህ የሚሆን ስም ይኖር ይሆን?

ቁጥሯ ደብተሬ ላይ አለ። ጻፍኩ፦ «አባትሽ የቱን ጣሉ?»
አጠፋሁት። ደግሜ ጻፍኩት። አሁንም አለ፤ አልተላከም፣ እንደ ሌላው ሁሉ።

ሩዙን ግን ማታ ቀቀልኩት። ምን ይደረግ፣ አንድ ኪሎ ነው።
ጣና ጣና ይላል።