የትንፋሽ ምስክር

ቱሉ ዲምቱ፣ ከአስፋልቱ ማለቂያ፣ አቧራው ሲነሣ፣
ጤና ጣቢያው ደጃፍ ተራ ይዞ ቆሟል ሾፌሩ በዳሳ።
ገረገንቲ ጭኖ ኮዬ ፈጬ የሚያራግፍ፣ የአይሱዙ ሰው፣
መሪ ካልጨበጠ ዛሬ ዐሥራ ሁለት ቀኑ ነው።

«ሸተተኝ» አለ አለቃው፤ «ዛሬም ጠጥቶ መጣ!»
ቁልፉን ተቀበለው፤ «በል ከግቢዬ ውጣ!»
ምን ብሎ ይከራከር፣ ለገዛ ሠርጉ እንኳን ሚሪንዳ የጠጣ?

ዲንቂቱማ፣ ሚስቱ፣ ቀድማ ጋቢናውን ፈትሻለች። ከመቀመጫው ሥር
ጠርሙስ ስትፈልግ ጠርሙስ አገኘች፣ ሰባት ባዶ። የውኃ ነበር።
አላመነችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች ያን ሌሊት፤
እሱ ለሽንት ሲወጣ፣ ሲገባ፣ ሲወጣ ነጋበት።

እኔ የላቦራቶሪ ሴት ነኝ፤ ወሬ አይደለም፣ ጠብታ ነው የማነበው፤
ግን ልናዘዝ፦ ጠረኑ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያሰብኩት አረቄ ነው።
ኋላ ልብ ስል፣ ሌላ ነው። ከረጢት ውስጥ እንደተረሳ ሙዝ፣
የጥፍር ቀለም እንደሚያስለቅቁበት ፈሳሽ፤ ጣፋጭ፣ የሚያፍን፣ የሚያፈዝ።

አንዲት ሳጥን አለችን፣ ለሙከራ የተላከች፤
ከሳሙና አትበልጥም። ሲስተር ሙንተሃ «አፍንጮ» ብላ ሰየመች።
ሆዷ ውስጥ ከጤፍ የደቀቀ ቅንጣት አለ፣ በቀጭን ሽቦ የታሰረ፤
ጠረን ካረፈበት የኤሌክትሪኩ ፍሰት ተቀየረ።
ሐሜት አልሰማም። ሰውየውን አያውቅም። የነካውን ቆጠረ።

«ይሄም የመጠጥ ነው? የትራፊኩ?» አለኝ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ።
«አይደለም፤ ንፋ።»
ነፋ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ተጨንቆ።

ቁጥሩ ዳገት ያዘ። ማርሽ እንዳልቀየረች መኪና ጮኸች፣
አፍንጮ፣ ያቺ ትንሽ፣ ቀይ መብራቷን አበራች።
ብቻዋን አትታመንም፤ ጣቱንም ወጋሁት፣
የደሙን ጠብታ ለሌላው መለኪያ ሰጠሁት።
እሱማ ቁጥር አጣለት፤ «ከልክ በላይ» ብሎ ቀረ።
ሲስተር ክንዱን ፈለገች፤ ጨዋማው ውኃ መንጠብጠብ ጀመረ።

«ስኳር ነው» አልኩት።
ሳቀ፤ ደረቅ፣ የደከመ ሳቅ፦
«ስኳርማ ከሸማቾች ከጠፋ ሦስት ወሩ! በየት በር ገባ፣ እኔ ሳላውቅ?»

አምቡላንሱ እስኪመጣ እጄን ያዝ አደረገ፦ «አንድ ወረቀት ጻፊልኝ፤
ለአለቃው አይደለም። ለዲንቂቱ። ማኅተሙን ደማቅ አድርጊልኝ።»
«አልጠጣም» ብዬ መጻፍ አልችልም፤ ያላየሁትን አልመሰክርም፤
ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ሰዓቱን ጻፍኩ። ከዚያ ወዲያ ብዕሬ አይሄድም።

ዲንቂቱ ከገበያ እንዳለች መጣች፣ ጫማዋ አቧራ ለብሶ፣
ፌስታሏ ውስጥ ሽንኩርት፣ አንድ እጀታው ተበጥሶ።
ወረቀቱን ዘረጋሁላት። አላየችውም።
አልጋው ላይ ጎንበስ አለች፣
አፍንጫዋን ወደ አፉ አስጠጋች፣
ትንፋሹን ሳበች፣
አንዴ፣ ደግማ፣
እዚያው ቆየች።